ባለቤቴ ገበያውን የገዘቱ ጊዜ

ባለቤቴ ቄስ ነበሩ። ቤታችን አንኮበር ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል፣ ገደሉ ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ነበር። ሰማዩ የጠራ ቀን ከደጃችን ቆመን አሊዩ አምባን ከታች እናያለን፤ የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ ሰዉና አህያው ተቀላቅሎ ሲርመሰመስ ይታየናል። የሠፈሩ ሰው ጨውም በርበሬም ጥጥም የሚያመጣ ከዚያ ነው። እኛም እንደ ሰዉ ነበርን፤ ባለቤቴ ገበያውን እስኪገዝቱ ድረስ።

ነገሩ የተነሣ በበርበሬ ነው። አሊዩ አምባ ላይ በርበሬና ጨው የሚነግድ አንድ ወዳጅ ነበራቸው፤ እስላም ነው። ባለቤቴ ገና ዲያቆን ሳሉ ጀምሮ ስለሚተዋወቁ አንተና አንተ ተባብለው ነው የሚያወሩ። እሱ ደጋ ሲወጣ እኛ ዘንድ ያርፋል። ሥጋችንን አይበላም፣ እኛም የሱን አንበላም፤ ቆሎና ማር፣ ወተትና ዳቦ ግን ማንም አይከለክለውም። ሁለቱም ክርክር ይወዳሉ። አንዱ ዝናብ ይመጣል ካለ ሌላው አይመጣም ይላል፤ ዝናቡ መጥቶ እንኳ ክርክሩ አይቆምም።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ባለቤቴ በርበሬ ሊገዙ ወረዱ። የሆነውን በኋላ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት፤ እሳቸው ትንፍሽ አላሉም። በዋጋው ሲከራከሩ ሲከራከሩ ነጋዴው ሰለቸውና ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ቄሴ፣ ተወኝ እስቲ! እኛ ቆለኞች ባንኖር እኮ እናንተ ደገኞች ገብሳችሁን በውኃ ነበር የምታወርዱት» አላቸው።

ገበያው ሳቀ። አንዲት ጥጥ ሻጭ ከሳቋ ብዛት የምትሸጠው ጥጥ ላይ ተቀመጠች አሉ። ባለቤቴ ባዶ ስልቻቸውን አጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱና ዳገቱን ተያያዙት። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ዳገት ሲወጣ ንዴቱ ይበርድለት ነበር። የሳቸው በየጠመዝማዛው እየጨመረ መጣ።

እኔ ደጅ ገብስ አሰጣ ነበር። መጡና ሰላም እንኳ ሳይሉኝ መድረኩ ላይ ቆመው መስቀላቸውን አወጡ።

«ከአሊዩ አምባ ገበያ የተገዛ ነገር ወደዚህ ቤት እንዳይገባ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻለሁ» አሉ።

ከገብሱ ቀና አልሁ።

«ጨውስ?»

«ጨውም ነገር ነው።»

«እንግዲያ ምን ልንበላ ነው?»

«ያበቀልነውን።»

«ማን ያበቅላል?»

«እኛ» አሉ። እኛ ሲሉ እኔን ነበር የሚያዩ።

ግዝት ቀላል ነገር አይደለም። ቄስ አንዴ ከገዘተ የተገዘተውን ደፍሮ የሚነካ የለም። በማግሥቱ፣ «በሉ እንግዲህ ንዴትዎ ከበረደ ይፍቱት» ብላቸው፣ «ራሴ አስሬ ራሴ ብፈታው የልጅ ጨዋታ ይሆናል» አሉኝ። ሊፈቱላቸው የሚችሉት የንስሐ አባታቸው ነበሩ፤ ከገደሉ ማዶ ገዳም ውስጥ የሚኖሩ ሽማግሌ መነኩሴ። እሳቸው ዘንድ ለመሄድ ደግሞ ስለምን እንደ ገዘቱ መናገር ሊኖርባቸው ነው። ያን አልወደዱትም።

ከቤታችን ጀርባ ጓሮ የምንለው ነገር ነበረን፤ ሳማና ድንጋይ። የእርሻ መሬታችንን በሬ ያለው ሰው በእኩል ያርስልን ስለነበር ባለቤቴ በእጃቸው አፈር ነክተው አያውቁም። ከቅዳሴ መልስ ዶማ ተሸክመው ሲወጡ ያየ ጎረቤት ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት «ማን ነው?» እያለ መጣ። ማንም እንዳልሞተ፣ ጎመን ልንዘራ እንደሆነ ስንነግረው ግራ ተጋብቶ ተመለሰ።

መሬቱ ቁልቁለት ስለሆነ ድንጋዩን እየለቀሙ እርከን ሠሩበት። የመጀመሪያው እርከን ፈረሰ። ሁለተኛውም ፈረሰ። ቀጥሎ ያለውን እኔ ሠራሁት። አመድና የበግ በጠጥ እያመላለስሁ አፈሩን አለሰለስሁት። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላ፣ አብሽ፣ ተልባና ፌጦ ዘራን፤ ጌሾም በአጥሩ ጥግ ተከልን። ዘሩን የለመንሁት ከየጎረቤቱ ነው። «ገበያ አለ አይደል እንዴ?» ይሉኛል፤ «ለኛ የለም» እላለሁ።

ያን ዓመት ጾሙን የጾምነው ያለ በርበሬና ያለ ጨው ነው። ሽሮው ነጭ ነበር። ባለቤቴ ሲጎርሱ ዓይናቸውን ወደ ጣራው ያደርጋሉ፤ ልጆቹ ደግሞ እሳቸውን እያዩ ያለቅሳሉ።

«ጾም ማለት ይኸው ነው» አሉ አንድ ቀን።

«ባለፈው ዓመት የጾምነውስ ምን ነበር?» አልሁ።

ዓይናቸውን እንደ ገና ወደ ጣራው አደረጉ።

ጓሮው መልክ ሲይዝ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ደረሱ። ከገደሉ መንጋ ሆነው ይወጡና ሽንኩርቱን እየነቀሉ ያዩታል፤ ካልጣማቸው ይጥሉታል፤ የሚቀጥለውን ይነቅላሉ። ባለቤቴ ድንጋይ መወርወር ለቄስ አይገባም ብለው ዳዊታቸውን ይዘው እርከኑ ላይ ተቀመጡ። ጮክ ብለው ይደግማሉ። ጭላዳዎቹ ገደሉ ጫፍ ላይ ተሰልፈው ተቀምጠው ጸጥ ብለው ይሰማሉ። እሳቸው በዚህ ደስ ብሏቸው ነበር። ዳዊቱ ሲያልቅና እሳቸው ሲነሡ ግን መንጋው ይገባል። በመጨረሻ እኔ በወንጭፍ አባረርኋቸው።

በሁለተኛው ዓመት ወጣችን ወጥ ወጥ አለ። የጎመኑን ዘር ፈጭቼ ሰናፍጭ አደረግሁት፤ አፍንጫ ይበጥሳል። ፌጦ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ስደቁሰው ዓይን ያስለቅሳል። ጦስኝም ከሜዳ ለቅሜ ጨመርሁበት። አንድ ቀን ባለቤቴ ሰናፍጭ የገባበት ባቄላ ጎርሰው አፋቸውን ይዘው ወደ ደጅ ሮጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ደም መስሎ፣

«ቆላ ምን ሊያደርግልን!» አሉ።

ልባቸው ግን አላረፈም። በርበሬውን ራሱን አንኮበር ላይ አብቅለው ለነጋዴው ሊያሳዩት ፈለጉ። ከግዝቱ በፊት ቤት የገባ ጥቂት ዛላ በርበሬ ነበረኝ፤ ለክፉ ቀን ብዬ ጣራው ሥር የሰቀልሁት። አወረዱና ፍሬውን ለቀሙት። አፋቸው በተሰበረ ገንቦዎች አፈር ሞልተው ዘሩበት። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ገንቦዎቹን ተሸክመው ወደ ደጅ ያወጣሉ፤ ሲመሽ ውርጩ ሳይወርድ ያገቡና ምድጃው ዙሪያ ይደረድሯቸዋል። እኔና ልጆቹ ከምድጃው ራቅ ብለን ተቀመጥን። ብርዱ ሲጠና ጋቢያቸውን ያለብሷቸዋል፤ ራሳቸው ባና ደርበው ይተኛሉ።

አብዛኛው ሞተ። አንዱ ቆየና አበባ አወጣ፤ አንዲት ፍሬም አፈራ፤ ጣት የማታህል፣ አረንጓዴ። ትቀላለች ብለን ጠበቅናት። አልቀላችም። መጠውለግ ስትጀምር ቆርጠዋት፣ ጎረቤቶቻችንን ጠርተው፣ ጸሎት አድርሰው ለየሰዉ ቆራረሷት። የደረሰኝ የጥፍር ያህል ነበር። አኘክሁት።

«ታቃጥላለች?» አሉኝ።

«ሣር ሣር ትላለች።»

«መጀመሪያዋ ስለሆነች ነው» አሉ።

ጨው ደግሞ ከነጭራሹ አይዘራም። ወደ ሌላ ገበያ ለመሄድ ሩቅ ነው፤ ሩቁም ገበያ ቢሆን ጨው የሚደርሰው በአሊዩ አምባ በኩል ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ክርስትና ባነሡበት ቤት አንድ አሞሌ ጨው ሰጧቸው። «ከየት የመጣ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰውየውም፣ «ከአሊዩ አምባ ነዋ፣ ከሰማይ ይወርዳል?» አላቸው። አልቀበልም ማለት ነውር ሆነባቸው። ይዘው መጡና በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ማስገባት አይችሉም። አጥሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ አኖሩት። ወዲያው የጎረቤት ላም መጥታ ትልሰው ጀመር። ባለቤቴ ላሟን እያዩ ብዙ አሰቡ።

«የገዘትሁት ቤቱን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ደጁን አልገዘትሁም።»

«ደጁን ካልገዘቱ በርበሬም ደጅ ድረስ ይገባላ?»

«በርበሬ ደጁንም አያይም!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጡ ቤት ይሠራል፣ ጨው ደጅ ይጨመርበታል፣ ራት ደጅ ይበላል። የተረፈው ተመልሶ ስለማይገባ ማስተረፍ ቀረ። «ሆዳችን ውስጥ ይዘነው የምንገባውስ?» ብዬ ብጠይቅ፣ «የተበላ ነገር ነገር መሆኑ ይቀራል» አሉኝ። አንኮበር ጭጋግ ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን አያይም። በዚያ ጭጋግ ውስጥ አጥር ሥር ተኮልኩለን እንበላለን። መንገደኛ ሲያልፍ ባለቤቴ «እንብላ!» ይሉታል። ድምፅ ሰምቶ ሰው ስለማያይ አንዳንዱ አማትቦ ይሮጣል።

ይህ ሁሉ ነጋዴው ዘንድ ደረሰ። በሰው እጅ አንድ ስልቻ በርበሬ ላከልን፤ «የተገዛ አይደለም፣ ስጦታዬ ነው» ብሎ። ባለቤቴ አምጪውን፣ «እሱስ ከየት አገኘው?» ብለው ጠየቁት። «ከገበሬ ገዝቶ» አለ። «እንግዲያ ተገዝቷል» ብለው መለሱት። ስልቻው ሲመለስበት ነጋዴው ፊቱ ጠቁሮ፣ «ወላሂ፣ ከእንግዲህ ደጋ አልወጣም» አለ አሉ። እሱም በራሱ መንገድ ገዘተ ማለት ነው።

እንዲህ እያልን ጥቂት ዓመታት አለፉ። ጓሮው እየለማ ሄደ። ባለቤቴም ስለ ጓሮ ሰውን መምከር ጀመሩ። ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑን መስቀል እያሳለሙ፣ «ሳማህን ነቅለሃል? ነጭ ሽንኩርት ተክለሃል?» ይላሉ። ሰዉ መስቀሉን ሳይሳለም በሌላው በር መውጣት ለመደ።

ከብቱ ያለቀበት ዘመን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሽታው ከየት እንደ መጣ ማንም አላወቀም። በሬው ዓይኑ ያለቅሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ ሳይሰነብት ይወድቃል። የኛን መሬት የሚያርስልን ሰው ጥማድ በሬዎቹ ተከታትለው ሞቱበት። ቀንበሩን ተሸክሞ መጣና ደጃችን ላይ አስቀምጦ ሄደ። ዝናቡም ቀረ። የገበያ ቀን ቁልቁል ስናይ እዚህም እዚያም አንዳንድ ሰው ብቻ ይታየናል።

ዶማ በሬ አይፈልግም። ሌላው ሰው ያልታረሰ መሬቱን ቆሞ ሲያይ ጓሯችን እንደ ወትሮው ነበር። ምንጩ ቀጥኖ ስለነበር እኔና ልጆቹ ተራ እየጠበቅን በእንስራ እናመላለሳለን፤ ፊታችንን የታጠብንበትን እንኳ ለጎመኑ ነው የምንደፋ። ባቄላው አነሰ እንጂ አልጠፋም። ሰው አጥራችን ሥር መቀመጥ ጀመረ። ለመጣው ሁሉ ቅጠል ቅጠሉን እንቆርጣለን፤ ጎመን ቅጠሉ ሲቆረጥ ሌላ ያወጣል። ሰዉ ግን ከቅጠሉ በዛ። ጓሯችን ሰው አዳነ እያሉ በኋላ የሚያወሩልን ነበሩ፤ እኔ እንደዚያ ብዬ አላወራም። ባዶ እጃቸውን የተመለሱም አሉ። አጥሩ ሥር ተቀምጠው ያልተነሡም አሉ። ዶማው ጠዋት መቃብር ይቆፍራል፣ ከሰዓት በኋላ ጎመን ይኮተኩታል።

ባለቤቴ የሚሰጡትን አይሰስቱም። ግን ለእያንዳንዱ ሰው ጎመኑን ሲያቀብሉ፣ «ነግሬህ አልነበረም?» ይላሉ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። ይህን ሲሉ ስሰማ እጄ ያለበትን ሥራ ትቼ ወደ ውስጥ እገባ ነበር።

አንድ ቀን ከአጥሩ ውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁን አወቅሁት፤ ወጥቼ ሳየው ግን ሰውየውን አላወቅሁትም። ደጋ አልወጣም ብሎ የማለው ነጋዴ ነበር፤ ሞላ ያለ ሰው የነበረው አጥንቱ ቀርቶ። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ከኋላው ቆመዋል፤ አሮጊት እናቱ በቅሎ ላይ ናቸው። ሚስቲቱ በየትከሻዋ አንድ አንድ ስልቻ አንጠልጥላለች።

ባለቤቴ ዶማቸውን እንደ ያዙ መጡ። ሁለቱ ተያዩ።

«ደህና ከረምህ?» አሉ ባለቤቴ።

«አልሐምዱሊላህ። አንተስ፣ ቄሴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምንድን ነው የያዛችሁት?»

«በርበሬ ነው። ታች በርበሬ አለን፣ እህል የለንም። በባቄላ ትለውጠኝ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«በርበሬው አይገባም።»

ነጋዴው አንገቱን ደፋ። «አውቃለሁ። እኛም ከአሊዩ አምባ ነን፤ እንግዲያ እንመለስ።»

ባለቤቴ ተቆጡ። «አንተን ማን ገዛህና ነው! የገዘትሁት የተገዛውን ነገር ነው። ይልቅ እናትህን አውርድና ግባ!»

ስልቻዎቹ ከአጥሩ ውጭ ጥዱ ሥር ቀሩ፤ ሰዎቹ ገቡ። ነገሩ ግን አላለቀም።

«ባቄላውን ውሰድ፤ ምንም አልፈልግም» አሉት ባለቤቴ።

«እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ለማኝ አይደለሁም። እንዲያው በነጻ አልወስድም።»

«እኔም በርበሬ አልቀበልም።»

«እንግዲያ ባቄላህ ይቅርብኝ።»

ልጆቹ ምድጃው ላይ ያለውን ማሰሮ ያያሉ። «እናንተ ተከራከሩ፤ እኔ ልጆቹን ላብላ» ብዬ እጃቸውን ይዤ ገባሁ። የነጋዴው ሚስት ተከተለችኝ። ለአሮጊቷ ባቄላውን አላምጬ የማጎርሳቸው ያህል አድቅቄ ሰጠኋቸው። ሚስቲቱ ውጭ የሚሰማውን ክርክር ታዳምጥ ነበር።

«ባልሽ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?» አለችኝ።

«ሁልጊዜ።»

«የኔም» አለች።

ስንወጣ ነጋዴው ዶማውን ይዟል። የሚበላውን ሠርቶ ሊበላ ተስማምተዋል። በርበሬ ሲሸጥ ኖረ እንጂ አንድ ነገር ተክሎ አያውቅም። ገና ሲጀምር ጎመኑን ከአረሙ ጋር ጠርጎ ነቀለው።

«ይህ እኮ ጎመን ነው!» አሉ ባለቤቴ።

«በምን ልወቀው? እኔ የማውቀው ወጥ ሆኖ ነው።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ነበር። ውኃው በዛ፣ አነሰ። ጉድጓዱ ጠለቀ፣ አልጠለቀም። ደመናው ዝናብ አለው፣ የለውም። ጓሮው ውስጥ ያን ድምፅ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ዘመን ሰው እርስ በርሱ የሚከራከርበት አቅም አልነበረውም።

አሮጊቷ አልቆዩም። አንድ ንጋት ላይ ሚስቲቱ ልትቀሰቅሳቸው ስትሄድ ዐርፈው አገኘቻቸው። እሷ ስታጥባቸው እኔ ውኃ አፈሰስሁላት። ወደ ቆላ በሚወርደው መንገድ ዳር እስላሞች የሚቀበሩበት ቦታ ስላለ በበቅሎው ይዘናቸው ወረድን። ሌላ ወንድ አልነበረም፤ ባለቤቴና ነጋዴው እየተቀባበሉ ቆፈሩ። ሁለቱም ጉልበት ስላልነበራቸው ብዙ ፈጀባቸው። ሲጨርሱ ባለቤቴ ላባቸውን ጠርገው፣

«ፊታቸው ወዴት ነው የሚሆነው?» አሉ።

«ወደ ቂብላ።»

«በየት በኩል ነው?»

ነጋዴው በእጁ አሳያቸው። ባለቤቴ እጁን አዩ፣ ጉድጓዱን አዩ።

«አጣምመነዋል» አሉና ተመልሰው ገብተው እንደ ገና መቆፈር ጀመሩ።

ነጋዴው ሲሰግድባቸው እሳቸው ራቅ ብለው ጥምጥማቸውን አውልቀው ቆሙ። ዳገቱን ወጥተን አጥሩ ጋ ስንደርስ ጥዱ ሥር ያሉትን ስልቻዎች አየሁ፤ ጭጋጉ አርሷቸው ከሥራቸው መጥቆር ጀምረዋል። ባለቤቴም አይተዋል።

«ወደ ንስሐ አባትዎ እኔ ልሂድ?» አልኋቸው።

«ምን ትያቸዋለሽ?»

«እውነቱን።»

ዶማቸውን አንሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ። አትሂጂ አለማለታቸውን እሺ ብዬ ወሰድሁትና በማግሥቱ ሄድሁ።

መነኩሴውን ያገኘኋቸው ከዋሻቸው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ ነው። ተሳልሜ ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኋቸው፤ ስለ ጨውና ስለ ደጁ ስነግራቸው ጢማቸውን ያዙ።

«ማንን ነው የገዘተው?»

«ራሳቸውን አባቴ፤ ከነቤታችን።»

«ስለምን?»

«ገበያ ላይ ተሳቀባቸው።»

መነኩሴው ወደ ቆላው ብዙ አዩ።

«አሁን እዚያ የሚስቅ ሰው አለ?»

«የለም አባቴ።»

«እንግዲያ ፈትቼዋለሁ። የንስሐ ቀኖናውን ግን ንገሪው። ለመጣው ሁሉ ዘርም ቅጠልም ይስጥ። ሲሰጥ ‹ነግሬህ አልነበረም› እንዳይል።»

ባለቤቴ ይህን እንደሚሉ መነኩሴው ከማን እንደ ሰሙ አላውቅም፤ ያን ብቻ እኔ አልነገርኋቸውም።

«መስጠቱን ይሰጣሉ» አልሁ።

«ቀኖና ያልሁት ሁለተኛውን ነው» አሉ።

ቤት ደርሼ ስነግራቸው ባለቤቴ መጀመሪያውን በደስታ ሰሙ። ሁለተኛውን ስነግራቸው፣ «በትክክል እንዲህ ነው ያሉት?» ብለው እንደ ገና አስደገሙኝ። ከዚያ ከነጋዴው ጋር ወጥተው ስልቻዎቹን አስገቡ። ግማሹ ሻግቶ ነበር። ደህናውን ለይተን አሰጣነው፤ ሲደርቅ እኔና ሚስቲቱ ደቆስነው። ያን ምሽት በርበሬና ጨው ያለው የባቄላ ወጥ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን በላን። ነጋዴው እጁን ሰብስቦ ባለቤቴ እስኪጎርሱ ይጠብቃል።

«እህሳ?» አላቸው።

ባለቤቴ አላመጡ። ግንባራቸው ላብ አወጣ።

«ሻግቷል» አሉ፤ ወዲያው ደግመው ጎረሱ።

ቀኖናው ከባድ ነበር። ሰው መጥቶ ጎመን ሲቀበላቸው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። አንዴ ያ ያርስልን የነበረው ሰው መጣ። ባለቤቴ አንድ ዶማና የባቄላ ዘር ሰጡትና ሳያስቡት «ነግ...» ብለው ጀመሩ። ሰውየው ቀና አለ። «ነገም ና» አሉት። በማግሥቱ መጣ፤ የሚሰጡት ሌላ ነገር ስላልነበራቸው እስኪመሽ አብረው ቆፈሩለት።

በልጉ ዝናብ ትንሽ መለስ ሲል ነጋዴው ቤተሰቡን ይዞ ወረደ። የጎመን ዘር አስያዝነው። ቆላ ላይ ተክሎት ተባይ በላው፤ ያን ሊነግረን ብቻ ዳገቱን ወጥቶ መጣ። ሁለቱ ስለ ተባዩ ቀኑን ሙሉ ተከራከሩ። ደግሞ ተከለ፤ ያን ጊዜ በቀለለት።

ከብቱ እንደ ገና እስኪረባ ብዙ ቆየ። ሰው በዶማ መኖርን ለመደ። በሬ ሲገኝ ደግሞ ብዙው ጓሮውን ለሳማ መለሰው፤ እኛ አልመለስንም። ገበያውም ሲሞላ ባለቤቴ ከኛ የተረፈውን ነጭ ሽንኩርት በበቅሎ ጭነው ይወርዱና ከነጋዴው አጠገብ ይቀመጡ ጀመር። ሻጭነት ግን አልሆነላቸውም። ሰው ሽንኩርት ሊገዛ ሲጎነበስ አንዱን ራስ ፈልቅቀው ያሳዩትና፣ «ይህን ብትተክለው ለምን ትገዛለህ?» ብለው እንዴት እንደሚተከል ያስረዱታል። ሰውየው አንድ ራስ ብቻ ወስዶ ይሄዳል።

«ቄሴ» ይላቸዋል ነጋዴው፣ «ሰው እኮ የሚቀመጠው ሊሸጥ ነው።»

«ዝም ብለህ በርበሬህን ሽጥ» ይሉታል።

ሲመለሱ ጭነቱ እንደ ነበር ነው። አውርጄ ቆጥ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ለወጥ ይሆናል።